ከአምስቱ አንዱ

ጥሩ ሆኖ የተጠገነ የድሪል ባትሪ ከውጭ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ሽፋኑ ተገጥሟል፣ ብሎኖቹ ቦታቸው ላይ ናቸው፣ ድሪሉ ውስጥ ሲገፉት ቀጭ ብሎ ይገባል። የባለሙያው ልፋት በሙሉ ከጥቁሩ ፕላስቲክ ስር ተሸፍኖ ቀርቷል። ሸማኔ ጥበቡን ዘርግቶ ያሳያል፣ አናጺም የሠራውን ወንበር ሰው እየዳበሰ ያደንቅለታል፤ የባትሪ ጥገና ግን የሚታየው ሥራው ሳያልቅ ብቻ ነው። ሳያልቅ ለማየት ስል ነው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቤት ሄጄ፣ ከሳሎናቸው ጥግ ካለችው ጠረጴዛ አጠገብ በርጩማ ስቤ የተቀመጥኩት።

ጠረጴዛዋ ላይ የወለል ሴራሚክ ተነጥፏል፤ ከስሯ አሸዋ የሞላ ባልዲ አለ። ጋሼ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሰዓታቸውንና የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው የሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። የካቻቢቴያቸው ብረት ከጫፉ በቀር ሙሉ በሙሉ በናስትሮ ተጠቅልሏል። እንዲህ ያለ ባትሪ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ በብረት ከተገናኘ ከመቶ አምፒር በላይ በአንዴ ሊለቅ ስለሚችል፣ ጣት ላይ ያለ ወርቅ ለመጋል ጊዜ አይፈጅበትም። እኔ የባለሙያን ጥንቃቄ ከንግግሩ ይልቅ ከናስትሮው ነው የማምነው።

ባትሪውን ያመጣው የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚገጥም ወጣት ነው። ቻርጀር ላይ ሲሰካ ቀዩ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል እንጂ አይሞላም። «ሞቷል ጋሼ፤ እስቲ ነፍስ ይዝሩበት» አለ። ባትሪው ጎን ላይ በትልቁ 88 ቮልት ተብሎ ተጽፏል። ጋሼ ጽሑፉን አይተው ፈገግ አሉ። ውስጡ ያለው አምስት ሴል ነው፤ አንድ ሴል ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ አምስቱ ሲደመር 21 ነው። 18 ቮልት ብሎ የሚጽፍ ፋብሪካ የእያንዳንዱን ሴል አማካይ 3.6 ይዞ ነው፤ 20 የሚለውም ሙሉ ሲሆን ከሚደርስበት ጠጋ ብሎ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ሒሳብ አላቸው። 88 ግን ሒሳብ ሳይሆን ድፍረት ነው።

ሽፋኑ ሲነሳ አምስቱ ሴሎች ጎን ለጎን ተደርድረው ታዩ፤ እያንዳንዳቸው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አላቸው። ሙያተኞች 18650 እያሉ የሚጠሯቸው ከዚህ ልክ ተነስተው ነው። ጋሼ ቴስተራቸውን አላነሱም። መጀመሪያ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ሴል ሲያፈስ የሚተነው ፈሳሽ ጣፋጭ የሚመስል ሽታ አለው፤ ያ ሽታ ካለ ሥራው እዚያው ያበቃል፣ ባትሪውም ወደ ውጭ ይወጣል። ሽታ የለም። ቀጥለው በባትሪ መብራት የሴሎቹን አናት አንድ በአንድ እያዩ ዝገት ፈለጉ። ከዚያ በኋላ ነው የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ያነሱት።

3.68፣ 3.69፣ 3.68፣ 3.67። በመጨረሻ የተርታው መጀመሪያ የሆነው ሴል ላይ ሲደርሱ 1.2።

ቻርጀሩ እምቢ ያለው ስለዚህ ነው። ከአምስቱ አንዱ በመውደቁ ሴሎቹን የሚጠብቀው ቦርድ አምስቱንም ዘግቷል። አንዱ ብቻ ለምን ወደቀ ብዬ ስጠይቃቸው ቦርዱን ገልብጠው አንዲት ቀጭን መስመር አሳዩኝ። ይህ ቦርድ ራሱ የሚነቃው ከመጀመሪያው ሴል ላይ በሚወስዳት ጥቂት ኃይል ነው። ድሪሉ ቢሠራም ባይሠራም ይወስዳል። ባትሪው ወራት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ አራቱ ያርፋሉ፣ አንዱ ግን ቀንም ሌሊትም ቦርዱን ይቀልባል። የንድፉ ስህተት ይህ ሲሆን ቅጣቱን የሚከፍለው የአሉሚኒየም ሠራተኛው ነው።

እዚህ ላይ ነው ጠጋኝና ጠጋኝ የሚለያዩት። ከሌላ ደህና ባትሪ ሁለት ሽቦ ስቦ የወደቀውን ሴል ጀምፕ ማድረግ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቮልቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ቻርጀሩም አረንጓዴ ያበራል፣ ደንበኛውም መርቆ ይሄዳል። ጋሼ እጃቸውን ሰብስበው ወጣቱን ጠየቁት፦ «ከመቼ ጀምሮ ነው ሳትሠራበት የተቀመጠው?»

«ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ነው፤ ሥራ ቀዝቅዞ ነበር።»

«እንግዲያው ይሄኛው አይነሳም።»

ምክንያቱ በዓይን አይታይም። ሴሉ ውስጥ በአንድ ወገን ስስ የመዳብ ፎይል፣ በሌላው ወገን የአሉሚኒየም ፎይል ተጠቅልሏል፤ በመካከላቸው ከፀጉር የሚቀጥን ፕላስቲክ አለ። ቮልቱ ከልክ በታች ወርዶ ብዙ ሲቆይ መዳቡ ቀስ በቀስ ፈሳሹ ውስጥ ይሟሟል። መልሰው ቻርጅ ሲያደርጉት የሟሟው መዳብ እንደገና ይረጋል፤ የሚረጋው ግን በነበረበት አይደለም። እሾህ እያወጣ ያንን ስስ ፕላስቲክ ሊወጋና ሁለቱን ወገን ሊያገናኝ ይችላል። ዛሬ ሞላ የተባለው ሴል ከሳምንታት በኋላ፣ ያውም ሙሉ ሆኖ ቻርጀር ላይ እያለ፣ ሊቃጠል ይችላል። ቮልቱ 2.6 ቢሆንና የተቀመጠውም ለጥቂት ቀናት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋሼ መንገድ ነበራቸው፦ በጣም በትንሽ አምፒር እየመገቡ እስከ 3 ቮልት ማድረስ፣ በእጅ እየዳሰሱ መሞቁን መከታተል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በደንቡ መሙላት።

የሊቲየም አዮን ባትሪ ነገር ከመነሻውም ከእሳት ጋር ግብግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ከጆን ጉዲናፍና ከስታንሊ ዊቲንግሃም ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ፣ በሠራው ባትሪ ላይ በ1986 የብረት ቁራጭ ከላይ እየለቀቀ ፈትኗል። ጥሬ የሊቲየም ብረት የነበረበት ባትሪ በእሳት ሲጋይ የእሱ አልነደደም። ከአምስት ዓመት በኋላ ሶኒ ለገበያ ያቀረበው በዚያ መንገድ ነው። እንዲህ የተደከመበትን ጥንቃቄ በሁለት ሽቦ ጀምፕ ማፍረስ ያሳዝናል።

አሁን የሞተውን ሴል ከጎረቤቶቹ መለየት ነው። ሴሎቹን የሚያያይዘው ስስ የኒኬል ጥብጣብ በነጥብ ብየዳ ተጣብቋል። ችኩል ሰው በፒንሳ ይዞ ወደ ላይ ይመነጭቀዋል፤ ያን ጊዜ ጥብጣቡ የሴሉን ቆርቆሮ ይዞ ይነሳና ቀዳዳ ይቀራል። ጋሼ የጥብጣቡን ጫፍ በቀጭን ፒንሳ ያዙና እንደ ሰርዲን ክዳን ቀስ እያሉ ጠቀለሉት። እያንዳንዷ የብየዳ ነጥብ ስትለቅ ጠቅ የምትል ድምፅ ታሰማለች። ነጥብ በነጥብ፣ ሳይቸኩሉ፣ ፒንሳው ወደ ሌላው ሴል እንዳይነካ በግራ እጃቸው የካርቶን ቁራጭ ጋርደው። ሲጨርሱ በኒኬሉ ላይ የቀሩትን ጥቃቅን እሾሆች በሞረድ አለሰለሱ።

ከሥራው ሁሉ የማረከኝ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። የሴሉ አናት ላይ መሐሉ ፖዘቲቭ ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ከንፈር ግን ኔጋቲቭ ነው፣ ምክንያቱም የሴሉ ገላ በሙሉ ኔጋቲቭ ነው። ሁለቱን ከውጭ የሚለየው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ብቻ ነው። የሚበየደው ጥብጣብ በዚያ ከንፈር ላይ ያልፋል። ድሪል ደግሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ ፕላስቲኩን ቀስ በቀስ ቢቆርጠው ጥብጣቡ ከንፈሩን ይነካና የሴሉ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይገናኛሉ። ጋሼ ከትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ከወፍራም መከላከያ ወረቀት የተቆረጡ ቀለበቶችን አወጡና አንዱን በወረንጦ አንስተው የሞተውን በሚተካው ሴል አናት ላይ በትክክል አሳረፉት። ለእሱ ብቻ መስሎኝ ነበር። አራቱንም ነባሮች ተራ በተራ አጎንብሰው አዩ፤ አንዱ ላይ የፋብሪካው ቀለበት ወደ ጎን ተንሸራቶ አገኙትና ለሱም ቀየሩለት። ማንም አልጠየቃቸውም፤ የሚያየውም የለም።

ተተኪው ሴል አዲስ አልነበረም። «ገንዘቡን እከፍላለሁ፣ አዲስ ያድርጉልኝ እንጂ» ብሎ ወጣቱ ተከራክሮ ነበር። ጋሼ መሳቢያቸውን ከፍተው አሳዩት፦ ከተጣሉ ላፕቶፖችና ድሪሎች የወጡ ሴሎች፣ ሁሉም ላይ በማርከር ሁለት ቁጥር ተጽፏል፤ አንዱ የሚይዘው መጠን፣ ሌላው የውስጥ ሬዚስታንሱ። «ልጄ፣ አዲሱ ከነዚህ ጋር እኩል አይሄድም» አሉት። አምስቱ በተርታ ስለተያያዙ ቻርጁ የሚቆመው ቀድሞ የሞላው ሲሞላ ነው፤ ሥራው የሚቆመውም ቀድሞ ያለቀው ሲያልቅ ነው። በአዲሱ ሴል ውስጥ የሚተርፈው ኃይል ለማንም ሳይደርስ ይቀመጣል። ነባሮቹ ተለክተው 1,300 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ይይዛሉ፤ ከመሳቢያው የወጣው 1,320 ተጽፎበታል፣ የድሪል ሴል ነው፣ ሬዚስታንሱም ከነሱ ጋር ይቀራረባል። የላፕቶፕ ሴል የበለጠ ሊይዝ ይችላል፣ ድሪል በአንድ ጊዜ የሚጠይቀውን አምፒር መስጠት ግን ይቸግረዋል። ይህን ሁሉ ለማወቅ ሴሎቹ ሌሊቱን ተሞልተው፣ ቀን ላይ ተራግፈው፣ እንደገና እስከ 3.6 ቮልት ተሞልተው አድረዋል። የእጅ ሥራው ከሰዓት አይበልጥም፤ የቀረው መጠበቅ ነው።

ብየዳው በዓይን ጥቅሻ አለቀ። ሁለት የመዳብ ጫፎች ኒኬሉ ላይ ተጫኑ፣ ፔዳሉ ተረገጠ፣ ቲክ አለ፤ ሁለት ነጥብ። ኤሌክትሪኩ ብዙ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ለመግባት ጊዜ አያገኝም፤ ወዲያው በጣት ሲነካ ለብ እንኳ አላለም። በመበየጃ ካውያ የሚያጣብቁ ሰዎች አሉ። የካውያው ጫፍ 350 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ያ ከፀጉር የሚቀጥን ፕላስቲክ ደግሞ ከ130 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል፤ ቀሪውን አንባቢ ያስላው። ጋሼ ከዋናው ብየዳ በፊት በትርፍ ጥብጣብ የሞተው ሴል ላይ ሞክረው በፒንሳ ገነጠሉት። ጥብጣቡ ተቀደደ፣ ነጥቦቹ ግን ሴሉ ላይ እንደተጣበቁ ቀሩ። ጥብጣቡ ሙሉ በሙሉ ተላቅቆ ቢነሳ ኖሮ ብየዳው ደካማ ነበር ማለት ነው። የሞተ ሴል እንዲህ ለመጨረሻ ጊዜ ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ጫፉ በናስትሮ ታሽጎ አሸዋ ያለበት ጣሳ ውስጥ ገባ።

ጥብጣቡም ቢሆን ዝም ብሎ አልተገዛም። ገበያ ላይ ኒኬል ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ ኒኬል የተቀባ ብረት ነው፤ ሬዚስታንሱ ከንጹሁ በእጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ ድሪሉ ሲጨነቅ ይግላል። ጋሼ ከእያንዳንዱ ጥቅል ቁራጭ ቆርጠው፣ በሚስማር ጭረው፣ ጨው ውኃ ውስጥ ያሳድራሉ። ከዛገ ብረት ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ከጋሼ ጋር አልተስማማንም። የፋብሪካው ቦርድ ሴሎቹን ከመሞላትና ከመራገፍ ወሰን ይጠብቃል እንጂ እርስ በርስ አያስተካክላቸውም፤ የመጀመሪያውን ሴል መጥባቱንም አልተወም። ይህን ቦርድ መልሶ መግጠም በሽታውን አስቀምጦ ትኩሳቱን ማብረድ ነው አልኳቸው። እሳቸው የሚያስተካክል ቦርድ ቢገባበት ዋጋው ከባትሪው ጋር እንደሚቀራረብ፣ ወጣቱም ያን ሰምቶ ጀምፕ ወደሚያደርግለት እንደሚሄድ ነገሩኝ። ያደረጉት ሌላ ነው። ስድስት ቀጫጭን ሽቦዎችን ከትንንሽ የኒኬል ቁራጮች ጋር ሴሉ ሳይነካ ለብቻቸው በየዱ፤ ከዚያ ቁራጮቹን በነጥብ ብየዳ በየሴሉ መጋጠሚያ አሳረፉ። የሽቦዎቹን ጫፍ አንዲት ነጭ ሶኬት ላይ ሰበሰቡና በቴስተር ፈተሹ፦ 3.6፣ 7.2፣ 10.8፣ 14.4፣ 18.0። አንድ ሽቦ ቢዘዋወር ኖሮ ደረጃው ይሰበር ነበር። በየሦስት ወሩ ባትሪውን ካመጣላቸው፣ በዚያች ሶኬት ወደኋላ የቀረውን ሴል ለብቻው ይሞሉለታል።

ወጣቱ በየሦስት ወሩ ይመጣል ብዬ አላስብም። ጋሼም የሚያስቡ አልመሰለኝም፤ ሽቦዎቹን ሲቆርጡ ግን ሶኬቷ ከሽፋኑ ወጥታ ለመለካት እንድትመች አንድ ጣት ያህል ትርፍ ርዝመት ተዉላቸው።