ጠርዝና ተዳፋት የሚያይ ዓይን

በቻይናዋ የሼንዘን ከተማ ያሉትን የእብነበረድ አደባባዮች ፍለጋ ስኬትቦርድ ይዘው ባሕር የሚሻገሩ ወጣቶችን አደንቃለሁ፤ ሌላው ሰው ሳያስተውል የሚያልፈውን ደረጃ፣ ጠርዝና ተዳፋት ያያሉና። ይህ ዓይን ለእኛም ልጆች እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በላፍቶ ወጣት ማዕከል የስኬትቦርድ ሜዳ የተከፈተው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ልጆቹ ግን ከዚያ በፊትም ጎዳናው ላይ ይለማመዱ ነበር። በአርባ ምንጭ ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚወርደው ቁልቁለት ይህን ዓይን ይማርካል። ነገር ግን መንገዱ የመኪና፣ የባጃጅና የእግረኛ ነው፤ ልጅ ይጎዳል የሚለው ስጋት ትክክል ስለሆነ እዚያ ተንሸራተቱ አልልም። ክልከላ ብቻውን ግን ልጆቹን ወደ ባሰ ቦታ ይገፋቸዋል። ጨዋታው ዋዛ አለመሆኑንም ቶኪዮ አሳይታለች፤ በ2013 ዓ.ም. በወንዶች የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ የጎዳና ስኬትቦርድ ወርቅ የወሰደው ዩቶ ሆሪጎሜ የዚያችው ከተማ ልጅ ነው። የአርባ ምንጭ ከተማ አስተዳደርም ለልጆቹ አንድ ለስላሳ የሲሚንቶ ሜዳ ያዘጋጅላቸው።