ከንፈርና ግሥ በቸሃ

ቮልፍ ሌስላው በ1979 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ባለ3 ቅጽ የጉራጌኛ ሥርወ ቃል መዝገብ፥ ከወልቂጤ ዙሪያው ቸሃ እስከ ቡታጅራ አካባቢው መስቃን ያለውን አነጋገር የሰበሰበ ታላቅ ድካም ነው። ይሁን እንጂ የተጻፈው የቃሉን ዘር ለመግለጥ እንጂ የተናጋሪውን አፍ ለማሳየት አይደለም፤ በእርሱ ብቻ የሚመራ ተማሪ ከንፈርን ይዘነጋል።

በቸሃ «ቀተር» (ገደለ) የሚለው ግንድ፥ ተገዳዩ «እርሱ» ሲሆን «ቈተር» ይሆናል። በግንዱ ላይ የተገዳዩ ምልክት የከንፈር መክበብ ብቻ ነው! ከንፈር ከብቦ ወደ ፊት ሲወጣ፥ በጎልማሳ ወንድ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነው የድምፅ ቧንቧ ይረዝማል፤ የማስተጋቢያው ድግግሞሽም ይወርዳል። ክበቡ ግን በምላስ ጫፍ የሚፈጠሩትን «ተ»ንና «ረ»ን አልፎ «ቀ» ላይ ያርፋል፤ በ«ከፈት» ደግሞ «ፈ» ላይ ይቀራል። ይህን የአካል ግዴታ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ አማርኛ «ሯጭ» ይላልና። ክልከላው የቸሃ ሕግ እንጂ የምላስ አይደለም።