የስኳር በሽተኞች የእግር ቁስለት ሕክምና ቃላት፦ አጭር ሒስ

የሕክምናን ጽንሰ ሐሳቦች ወደ አማርኛ ለመመለስ ዋናው እንቅፋት የቃል እጦት ነው ሲባል ይሰማል። በስኳር በሽተኞች እግር ላይ ስለሚወጣው ቁስለት የሚሠራባቸውን ቃላት ስንመረምር ግን የምናገኘው የተገላቢጦሹን ነው፤ ቃሉ አለ፤ የሚጠፋው ልዩነቱ ነው።

አስቀድመን «መደንዘዝ»ን እንመልከት። የስኳር በሽታ ነርቭን ሲጎዳ በሽተኛው ጠጠር ቢወጋው፣ ጫማ ቢልጠው አይሰማውም፤ ከቁስለቱ ዋና ዋና መነሻዎች አንዱም ይኸው ነው። ሁኔታውን «የእግር መደንዘዝ» ማለት ተለምዷል። ይሁን እንጂ በዕለት ተዕለት አነጋገር «እግሬ ደነዘዘ» የሚል ሰው አንድ ነገር ተሰምቶታል። ምንም የማይሰማው ሰው ግን «ይደነዝዝሃል ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ «የለም» ይላል፤ አልዋሸም። በ10 ግራም ኃይል በሚጎብጥ የናይለን ክር እግሩን እየነኩ መፈተን ያስፈለገውም የበሽተኛው ቃል ብቻውን ስለማይበቃ ነው። ስለዚህ «ንክኪ አለመሰማት» የሚለውን እንመርጣለን።

ሁለተኛው «እግርን ማሳረፍ» ነው። እንግሊዝኛው «ኦፍሎዲንግ» በቁስለቱ ላይ የሚያርፈውን ጫና መቀነስን ያመለክታል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ በነርቭ ጉዳት ምክንያት በውስጥ እግር ላይ ለወጣ ቁስለት በቅድሚያ የሚመርጠው እስከ ጉልበት የሚደርስና በሽተኛው ሊያወልቀው የማይችል መጫሚያ ነው። «እግርህን አሳርፍ» የተባለ ሰው ግን አንድም ሥራ ፈትቶ መቀመጥን፣ አንድም እግሩን መሬት ላይ ማኖርን ይረዳል፤ ሁለተኛው የሚፈለገውን ፈጽሞ ይገለብጠዋል። በእኛ አስተያየት «ጫና ማንሳት» የተሻለ አቻ ነው።

«ዲብራይድመንት» መነሻው ፈረንሳይኛ ሲሆን ጥሬ ፍቺው ልጓም ማውለቅ ነው፤ በሕክምና የሞተውን ሥጋ ከቁስል ላይ ማስወገድ ማለት ነው። «ቁስል ማጽዳት» ሲባል ግን ማጠብ ብቻ ይታሰባል።

ከሁሉ የሚከብደው «እግር» ራሱ ነው። አማርኛ ከታፋ እስከ ጣት ያለውን በአንድ ቃል ይጠራል። ሕክምናው ግን ከቁርጭምጭሚት በታች የሚደረገውን መቁረጥ ከበላዩ ይለያል። አንዲት ጣት ለመቁረጥ ፈቃድ ሲጠየቅ «እግር መቁረጥ» የሚል ቃል የሰማ በሽተኛ ሕክምናውን ትቶ ቢሄድ አይፈረድበትም። ስለዚህ ተርጓሚው የሚቆረጠውን ክፍል በስሙ ሊጠራ ይገባዋል።

የሙያ ቃል የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት አምድ ላይ በማማሩ ብቻ አይደለም። ተጠቃሚው ሰምቶ ምን እንደሚያደርግ ሳይጠየቅ የጸደቀ ስያሜ ገና አልተፈተነም።