ልጅን ለውድድር ማቆየት

ሰኮሩ ውስጥ ጎበዝ ልጅ ፍለጋ መድከም አያሻም። ከአዲስ አበባ ጅማ መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች እየሮጠ መጥቶ ለሰልፍ የሚደርስ፣ ከትምህርት በኋላ ደግሞ ከብት ለመመለስ ዳገቱን በሩጫ የሚወጣ ልጅ በየክፍሉ አለ። ከተማችን 2,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት በሚቀረው ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩም መሬቱም ያግዛል። የቸገረን ሌላ ነው። በ13 ዓመቱ ዞኑን ጉድ ያሰኘ ልጅ 20 ሲሞላው መም ላይ የለም። የሩጫ አሠልጣኝ ሙያ የሚፈተነው በእነዚህ 7 ዓመታት ነው።

መንገዱ የታወቀ ነው፤ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል። እዚያ ዓይን የገባ ልጅ ክለብ ይገባል። ክለብ ማለት ደመወዝ ነው፤ ምግብና ማደሪያ ነው። ስለዚህ ወላጅ ቢቸኩል አይፈረድበትም። እኛም ብንሆን የሚጨበጨብልን ከዞን ሜዳልያ ይዘን ስንመለስ ነው፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ለሚመጣ ውጤት ዛሬ የሚያጨበጭብ የለም። ልጅን ቶሎ ማድረስ ደግሞ ከባድ አይደለም። በቀን ሁለቴ ጠንካራ ልምምድ ስጠው፣ ዳገት አብዛለት፣ በየሳምንቱ አወዳድረው፤ ብዙም ሳይቆይ እኩዮቹን ጥሎ ይሄዳል። ቀጥሎ ቅልጥሙን ያመዋል፤ ቁርጭምጭሚቱ ይከተላል። እኩዮቹ በቁመትና በጉልበት ሲደርሱበት ያሸንፋቸው የነበረው በልምምድ ብዛት እንደሆነ ይገባዋል፤ ሩጫውንም ትምህርቱንም ይተዋል።

ይህን ስል ልጅ አይወዳደር ማለቴ አይደለም። ከጊቤ ማዶ ካለው ጎረቤታችን ጉራጌ፣ ከጉመር የወጣውን ሰለሞን ባረጋን እንይ። በ2008 ዓ.ም. ፖላንድ ውስጥ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና 5,000 ሜትሩን ሲያሸንፍ ገና 16 ዓመቱ ነበር። በዓመቱ ናይሮቢ ላይ ከ18 ዓመት በታች የ3,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ በዚያው ክረምት ለንደን ላይ ከአዋቂዎቹ ጋር 5,000 ሮጦ አምስተኛ ወጣ። በ2010 ብራስልስ ላይ ይህንኑ 5,000 ሜትር በ12፡43.02 ገባ። በ2012 መስከረም በዶሃው የዓለም ሻምፒዮና በዚሁ ርቀት ብር አገኘ። ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ቶኪዮ ላይ የ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀ። ርቀቱም ተፎካካሪውም በየተራ ነው የከበደው። ስሙ የወጣው በ3,000 እና በ5,000 ነው፤ የኦሊምፒኩን 25 ዙር የሮጠው 21 ዓመት ሞልቶት ነው።

ያን የቶኪዮ ውድድር ልጆቼን ደጋግሜ አሳያቸዋለሁ። ሰለሞን የገባበት 27፡43.22 ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጊ ከያዘው የ26፡11.00 ክብረ ወሰን በአንድ ደቂቃ ተኩል ይዘገያል፤ ሲካፈል ለአንድ ዙር በአማካይ 66.5 ሰከንድ ገደማ ነው። የመጨረሻውን ዙር ግን ሰለሞን ከ54 ሰከንድ በታች ነው የዞረው። የክብረ ወሰኑ ባለቤት ቼፕቴጊ በ0.41 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ወርቁ የተገኘው ፍጥነትን አውቆ በመያዝና በሰዓቱ በመቀየር ነው። ይህ ደግሞ የልጅን እግር ሳይጎዱ ገና በ13 ዓመቱ ሊያስተምሩት የሚቻል ነገር ነው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ይሠራል። ሣር ሜዳ ላይ 400 ሜትር እንለካና በየ50 ሜትሩ ድንጋይ እናስቀምጣለን፤ ስምንት ድንጋይ። በየ12 ሰከንዱ ፊሽካ እነፋለሁ። ፊሽካው ሲሰማ ልጁ ድንጋዩ አጠገብ መገኘት አለበት፤ ቀድሞ መድረስም እንደ መዘግየት ይቆጠራል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይቀድማሉ፤ አራተኛው ዙር ላይ ይከፍሉበታል። እየለመዱ ሲመጡ ፊሽካውን እተዋለሁ። ዙሩን ሲጨርስ ሰዓቱን ደብቄ፣ «ስንት ገባህ?» እለዋለሁ። «95» ብሎኝ ሰዓቱ 96 ሲል ፍጥነቱ ከእግሩ ጋር ተዋውቋል ማለት ነው። ለውጡ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። አስቀድሜ ሳልነግራቸው የሆነ ቦታ ላይ እጄን አነሣለሁ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ያለውን በሙሉ ኃይላቸው ይወጡታል። ትከሻው ወደ ጆሮው የወጣ፣ ጡጫው የጠበቀ ልጅ ካየሁ አስቆመዋለሁ፤ ተጨናንቆ የፈጠነ 30 ሜትር ላይ ያልቅበታል።

በጥቅምትና በኅዳር ቡና ሲደርስ ፕሮግራሙ ይለወጣል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲለቅምና ከረጢት ሲሸከም የዋለ ልጅ ሥራውን ሠርቷል፤ ልምምዱ ማፍታቻና ቀላል ሶምሶማ ብቻ ይሆናል። የቤተሰቡን ሥራ ከልምምዱ ጋር አብሮ የማይቆጥር አሠልጣኝ ልጁ ለምን እንደደከመ ሊገባው አይችልም።

መቻኮል የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በሙዚቃ ታጅበው በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በሚዘሉበት ስፖርት፣ ፊገር ስኬቲንግ በሚሉት፣ ልጆች ጫማውን የሚያጠልቁት በአራትና በአምስት ዓመታቸው ነው። አየር ላይ አራት ጊዜ መሽከርከር ለቀላል ሰውነት ስለሚመች ሴቶቹ ጫፍ የሚደርሱት በ15 ዓመታቸው እየሆነ መጣ። በ2014 የካቲት በቤጂንጉ የክረምት ኦሊምፒክ የ15 ዓመቷ ሩሲያዊት ካሚላ ቫሊዬቫ በአበረታች ቅመም ውዝግብ መሀል ተወዳድራ ደጋግማ ወደቀች። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ ማኅበራቸው ለአዋቂዎች ውድድር የሚፈቀደው ዝቅተኛ ዕድሜ ከ15 ወደ 17 ከፍ እንዲል ወሰነ። የእኛም ስፖርት ከ18 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮናን ሰለሞን ካሸነፈበት የናይሮቢው በኋላ አላዘጋጀም።

አንድ አባት መጥተው፣ «ቲቸር፣ ልጁን ክለብ የሚያስገቡልኝ መቼ ነው?» ሲሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ «ጋሼ፣ አሥረኛ ክፍልን ይጨርስ፤ እስከዚያ ከ3,000 በላይ አይሮጥም።» ብዙዎቹ ቅር ይላቸዋል። አልፈርድባቸውም፤ ሥርዓቱም ከእነሱ ጋር ነው። አሠልጣኝ ሲመዘን የሚቆጠረው ዘንድሮ ያመጣው ሜዳልያ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ሜዳልያ ያጠለቁት ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ አብሮ ቢጠየቅ ግን፣ ብዙ አሠልጣኝ የልምምድ ፕሮግራሙን በማግስቱ ይቀይር ነበር።