የሥዕል ተማሪና የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት

ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ2004 ዓ.ም. ዐርፈው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። መቃብራቸውን አይቶ የሚመለስ አንድ የሥዕል ተማሪ ስለ እኒህ ሰው ሥራ ጥቂት ገጽ ልጻፍ ቢል፥ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ነው። እንግዲህ ቤተ መጻሕፍቱ ምን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል?

ከሥላሴ ብዙ ሳይርቅ፥ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአራት ኪሎ ሳለ፥ ቤተ መጻሕፍቱን ይመሩ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበሩ። እኒህ ሰው ሥራቸው ከባሕር ማዶ የመጡትን መጻሕፍት ቈጥሮ ማደል ብቻ አልመሰላቸውም፤ የአገሩን ሥዕልና የእጅ ሥራም ይሰበስቡ ነበር። ያም ስብስብ ኋላ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም መሠረት ሆነ።

እኚሁ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ዋና ዋና ጭብጦች በእንግሊዝኛ የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1983 በጀርመን አገር ታተመ። ከ13ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ባለው ሥዕል የውጭ ምሳሌ እንዴት እንደ ገባና በአገሬው እጅ እንዴት እንደ ተለወጠ በትዕግሥት ያስረዳል። መጽሐፉን የሚያሳንስ ቃል ከእኔ አይወጣም፤ ነገር ግን ወሰኑ 19ኛው መቶ ዓመት ነው። ፓሪስ ሄደው የተማሩት አገኘሁ እንግዳ፥ በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላም፥ ከዚያም ትምህርት ቤት የወጡት ሁሉ ከዚህ ወሰን ወዲህ ናቸው። የብዙዎቹ ታሪክ ያለው በትርኢት መጋበዣ ወረቀት፥ በጋዜጣ ዓምድና በጥቂት ገጽ ካታሎግ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት፥ ስሙን ልጠራው ከማልፈልገው ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ የተጻፈ ነገር ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ በትሕትና ተነሥታ ስለ ኢጣልያ ሠዓልያን የሚናገሩ ሦስት ወፍራም መጻሕፍት አመጣችልኝ። እርሷን አልወቅሳትም፤ በእጇ ያለውን ሰጠችኝ። ከበሩ ስደርስ ግን የዚያው ሠዓሊ የትርኢት ማስታወቂያ ከነአጭር የሕይወት ታሪኩ ተለጥፎ አየሁ። ትርኢቱ ካለፈ ወር ሆኖት ስለ ነበረ ወረቀቱ ተቀዶ ለሌላ ቦታ ሊለቅ ምንም አልቀረውም። የፈለግሁት ነገር ከቤቱ ውስጥ ነበረ፤ ከመዝገቡ ግን አልነበረም።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። በመዝገብ ቤት አንዲት ተራ ደብዳቤ እንኳ ቍጥር ተሰጥቷት በማኅደሯ ትቀመጣለች። ለሠዓሊም እንዲሁ በስሙ ማኅደር ተከፍቶ፥ መጋበዣው፥ ካታሎጉና የጋዜጣው ቍራጭ ቀኑ እየተጻፈበት ቢገባ፥ ወጪው የካርቶንና የክር ነው። አንዳንዶች ዛሬ ሁሉ ነገር በኢንተርኔት ይገኛል ይሉ ይሆናል። ዳሩ ግን እዚያ የወጣ ማስታወቂያ የሚቈየው ባለቤቱ እስከ ፈለገው ድረስ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ተማሪ የሚያስብለት የለም።

የሚከብደው ማኅደሩን መክፈት ሳይሆን የማን ይግባ የማን ይቅር ብሎ መወሰን ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ቤተ መጻሕፍት የታወቀውን ሠዓሊ ካልታወቀው መለየት የለበትም፤ ፍርዱን ለተማሪው ይተውለት። የአፈወርቅ ስም ያለ ማኅደርም አይጠፋም፤ የአፍሪካ አዳራሽ የመስተዋት ሥዕል ይመሰክርላቸዋል። አንድ ትርኢት ብቻ አሳይቶ የቀረው ሠዓሊ ግን ከበሩ ላይ ከተለጠፈችው ወረቀት በቀር ምስክር የለውም።