ማን አልሞተም? «ዘ አንድሮሜዳ ስትሬይን» ከበደሳ ሲታይ

በደሳ የምትኖሩ ከሆነ እስቲ ይህን አስቡ። አንድ ጠዋት ከተማው ጭጭ ብሏል። ቡና የሚያሰጣ፣ ጫት የሚጭን፣ ባጃጅ የሚያስነሳ ሰው የለም። ሁሉም በነበሩበት ወድቀዋል። የሚሰማው የአንድ ሕፃን ለቅሶ ብቻ ነው።

ሮበርት ዋይዝ በ1971 እ.ኤ.አ. የሠራው «ዘ አንድሮሜዳ ስትሬይን» የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ ከተማው ግን በአሜሪካ በረሃ ያለ ፒድሞንት የሚባል ትንሽ መንደር ነው። ታሪኩ ማይክል ክራይተን ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ ከጻፈው ልቦለድ የተወሰደ ነው። ከጠፈር የተመለሰች ሳተላይት አንድ ረቂቅ ነፍስ ይዛ ትወድቃለች፤ ነዋሪዎቹ ደማቸው ዱቄት ሆኖ ይሞታሉ። የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው፦ ሕፃኑና አንድ ሰካራም ሽማግሌ።

ፊልሙን የወደድኩት ለዚህ ነው። ሳይንቲስቶቹ ሬሳውን ብቻ አይመረምሩም፤ «እነዚህ ሁለቱ ለምን አልሞቱም?» ብለው ይጠይቃሉ። ሽማግሌው አስፕሪን ይውጣል፣ ለማገዶ የሚሸጥ አልኮልም ይጠጣል፤ ስለዚህ ደሙ አሲድነቱ ጨምሯል። ሕፃኑ ደግሞ ሲያለቅስ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ይወጣል፣ አሲድነቱም ይቀንሳል። ጤነኛ ደም ፒኤቹ ከ7.35 እስከ 7.45 ነው፤ ገዳዩ የሚያድገው እዚያው አካባቢ ባለ ጠባብ ክልል ብቻ ነው። አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች አመለጡ። (አደራ፣ «አረቄ መድኃኒት ነው» እንዳትሉኝ! ያ የሽማግሌው መጠጥ ራሱ ገዳይ ነው።)

ይህ ጥያቄ የፊልም ፈጠራ ብቻ አይደለም። በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን በኮሌራ ስትታመስ ብዙዎች በሽታው ከመጥፎ አየር ይመጣል ይሉ ነበር። ሐኪሙ ጆን ስኖው ግን በብሮድ ጎዳና ያለውን የውሃ ፓምፕ ጠረጠረ። እዚያው አጠገብ የነበረ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች አለመሞታቸውንም አስተዋለ፦ ቢራ ይጠጣሉ፣ ፋብሪካውም የራሱ ጉድጓድ አለው። አየሩ ገዳይ ቢሆን ኖሮ እነሱን ማን ያስተርፋቸው ነበር?

ኮሌራ ለሐረርጌም እንግዳ አይደለም፤ ደጋግሞ ጎብኝቶናል፣ «አተት» በሚል ስምም እናውቀዋለን። የሚገርመው ደግሞ የኮሌራ ባክቴሪያም አሲድ አይወድም፤ ብዙው ጨጓራ ውስጥ ይሞታል። የጨጓራ አሲዳቸው የደከመ ሰዎች ይበልጥ የሚጠቁት ለዚህ ነው። ያ ማለት ግን ሎሚ እየጠጣችሁ ያልፈላ ውሃ ላይ መተማመን ትችላላችሁ ማለት አይደለም። በአንድ ሰፈር አተት ሲገባ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፦ ያልታመመው ቤተሰብ ውሃ የሚቀዳው ከየት ነው?

ፊልሙ እንከን የለሽ ነው እያልኩ አይደለም። ሕፃኑ ደክሞት ሲተኛስ? ትንፋሹ ሲረጋጋ ደሙ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ያኔ ማን ያድነዋል? ፊልሙ አይነግረንም። ይባስ ብሎ መጨረሻ ላይ ገዳዩ በየቦታው በአንዴ ተለውጦ ሰው መግደሉን ይተዋል። በእውኑ ዓለም ለውጥ የሚነሳው በአንድ ሴል ነው፤ እሱ ተባዝቶ ነው ሌሎቹን የሚተካው። ሁለት ሰዓት ሙሉ በትዕግሥት ሲጠይቅ የቆየ ፊልም በአጋጣሚ ሲገላገል ማየት ያናድዳል።

ለማየት ካሰባችሁ ታገሡት፤ ቀስ ያለ ነው። ወደ ምድር ቤት ላቦራቶሪው ሲወርዱ መታጠቡና መመርመሩ አያልቅም። ስታዩ ሁለት ነገር ተከታተሉ። አንደኛው፣ በማተሚያ ማሽን ውስጥ የተወተፈች ብጣሽ ወረቀት ደወሉ እንዳይጮህ አድርጋ አስቸኳይ መልእክት ታስቀራለች። ሁለተኛው፣ ሌቪት የተባለችው ተመራማሪ የሚጥል በሽታዋን ደብቃለች፤ «እድገት የለም» የሚለው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አፍጥጣ ትቀራለች፣ ሁሉም የሚፈልገው መልስም ፊቷ ላይ ያልፋል።