ተዳፋትን የመመርመር ሙያ

እንደ አልፕስ ባሉ፣ የበረዶ ናዳ በሚበዛባቸው ተራሮች የሚሠሩ ባለሙያዎች የቁልቁለቱን ደኅንነት የሚመዝኑት በረዶውን ቆፍረው ንብርብሮቹን በማየት ሲሆን፣ ከጠጣሩ ንብርብር ሥር የላላ ሽፋን ካገኙ፣ ጥቂት ክብደት ሲጨመርበት የላዩ በሙሉ ተቦጭቆ ሊወርድ እንደሚችል ይቆጥራሉ። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉትን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን በሚጎራበቱት ተራሮች፣ በወጨጫና በእንጦጦ ላይ፣ በረዶ አይከመርም፤ የመሬት መንሸራተትን የሚያጠና ባለሙያ ግን ይህንኑ አሠራር በአፈሩ ላይ ይከተላል።

የእነዚህ ተራሮች ዓለት ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ ሲሆን፣ በዘመናት ብዛት ሲበሰብስ ወደ ሸክላማ አፈር ይለወጣል፤ በዚያም ላይ ከአናት የወረደ ድንጋይና አፈር ልል ክምር ሆኖ ይቀመጣል። የክረምቱ ዝናብ በክምሩ ውስጥ ሰርጎ ውሃ እንደልብ ከማያሳልፈው ሸክላ ሲደርስ ይታቆራል፤ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የታመቀው ውሃ የሚፈጥረው ግፊትም ቅንጣቶቹን እያላቀቀ መሬቱን በቦታው ያቆየውን ሰበቃ ያዳክማል። ሰማዩ ከጠራ በኋላም አደጋው የሚቆየው፣ ለሳምንታት የተጠራቀመው ውሃ ወዲያው ስለማይወጣ ነው።

ከሰው እጅ ሥራ እጅግ ከከፉት አንዱ የተዳፋቱን እግር መቁረጥ ነው፤ የላዩን ክብደት ደግፎ የያዘው እግሩ ነውና፣ ለቤት መሥሪያ ቦታ ለመደልደል ወይም ከካባ ድንጋይ ለማውጣት ሲቆረጥ ቁልቁለቱ ድጋፉን ያጣል። የድጋፍ ግንብ ቢሠራም የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ከሌለው፣ ከጀርባው ውሃ አቁሮ ግፊቱን ያባብሳል፤ እንዲህ ያለውን ግንብ አስተማማኝ ብሎ መቀበል ሙያው አይፈቅድም።

አደጋው በመጀመሪያው ናዳ ላያበቃ ይችላል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከ200 በላይ ሰዎች ባለቁበት የመሬት መንሸራተት አደጋ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች በተከታዩ ናዳ ተውጠዋል። መሬቱ አንድ ጊዜ ሲናድ ከበላዩ የቀረው ክፍል ውሃ እንዳዘለ ድጋፍ አልባ ስለሚሆን፣ ነፍስ ለማዳን የሚሮጥ ሰው ሁሉ ከአደጋው ክልል ውጭ ሆኖ የላዩን ስንጥቅ የሚመለከትና የሚያስጠነቅቅ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

በተዳፋት ላይ ወይም ከሥሩ የሚኖር ሰው በክረምት ከቤቱ በላይ አዲስ ስንጥቅ ካየ፣ ዛፍ ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶ ካዘመመ፣ በሩ በድንገት አልዘጋም ካለ፣ ወይም የጠራ ምንጭ ከደፈረሰ፣ ቤተሰቡን ይዞ በዚያው ሰዓት ከቁልቁለቱ ጎን ወዳለ ሜዳ ይውጣ፤ ለጎረቤቱና ለቀበሌውም ያሳውቅ፤ ባለሙያ መሬቱን ሳይመረምርም አይመለስ።